ይቺ የላስቲክ ችግኝ አድጋ ምን ትመስላለች? ሳትተክሉ የመገመቻ መመሪያ

ደሴ ላይ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ አለው። "ስተክላት እኮ ይቺን ታክል ነበረች!" ይላል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። አሁን ዛፏ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ተኝታለች። ወይ የመብራት ሽቦ ትነካለች። ወይ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃ ጠጥታ አንዲት ፍሬ አላሳየችም።

እኔም ከዚህ ወሬ አላመለጥኩም። በዘይት ጀሪካን ያሳደግኳትን ፋይከስ ከሮቶው አንድ ሜትር ተኩል ርቄ ተከልኳት። ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ፣ ልከኛ፣ ጭምት ነገር ነበረች። በሰባተኛው ዓመት ሥሯ ሮቶው የተቀመጠበትን ሲሚንቶ ሰንጥቆ አነሳው፤ ሮቶው ዘመመ፣ ቧንቧው ተነቀለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ግቢ ውስጥ ሲፈስ አደረ። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ፋይከስ ጀሪካን ውስጥ አበባ ትመስላለች እንጂ መሬት ካገኘች ትልቅ ዛፍ ናት። ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ችግኝ ስትገዙ የምታዩት ሕፃኗን ነው፤ አብራችሁ የምትኖሩት ግን ከትልቋ ጋር ነው። ሕፃኗ ደግሞ ትዋሻለች። ስለዚህ ከችግኟ በፊት እናቷን፣ ዘመዷንና የምትቆምበትን ቦታ እዩ። ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሰባተኛውን ደረጃ፣ ቦታ መምረጡን፣ መጀመሪያ ሠርቶ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ችግኝ ከመግዛታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። ለክረምት ተከላ ግንቦት መጨረሻ ጥሩ ነው፤ በበልግ ዝናብ ለምትተክሉ ጥር። በሐምሌ ዝናብ ላስቲክ ተሸክሞ የቆመ ሰው አያስብም፣ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይገባል።

አሥር ሜትር ገመድ፣ ሁለት ችካል፣ አንድ ባልዲ አመድ፣ ቀጥ ያለ ዱላ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የተሳለ ቢላ አዘጋጁ። ስልካችሁ ካሜራ ካለው በቃ። ደብተርም ያዙ፤ "በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ" የምትሉትን ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ትረሱታላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ስሟን አጣሩ

አንድ ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ችግኝ የምታጠጣ እናት አገኘሁ። "ይሄ ምንድን ነው እናቴ?" አልኳት። "አበባ ነው ልጄ።" "ምን ዓይነት አበባ?" ቀና ብላ አየችኝ። "የሚያምር!"

በዚህ መልስ አትግዙ። ስሙ ካልታወቀ የሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ ዋጋ የላቸውም።

የጋራ ስም ደግሞ ስም አይደለም። "ጥድ ስጡኝ" ስትሉ የሐበሻ ጥድ ነው ወይስ የፈረንጅ ጥድ? የሐበሻው ዝግ ብሎ ያድጋል። የፈረንጁ ይፈጥናል። ሁለቱም ከተለቀቁ ሠላሳ ሜትር ሊደርሱ የሚችሉ ዛፎች ናቸው፤ የአጥር ቁጥቋጦ የሚያስመስላቸው መቀስ ብቻ ነው። "አቮካዶ" ማለትም አይበቃም። ፉዌርቴ የሚባለው የአቮካዶ ዓይነት ወደ ጎን የሚንሰራፋ ዛፍ ነው፤ ኤቲንገር የሚባለው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ለጠባብ ግቢ ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሕፃን ሳሉ የሚመሳሰሉም አሉ። ግራቪሊያና ጃካራንዳ በላስቲክ ውስጥ ሳሉ ሁለቱም ቅጠላቸው እንደ ላባ የተበጣጠሰ ነው። እንዲህ ለዩአቸው፦ ቅጠሉን ገልብጡት። ጀርባው እንደ ብር ነጣ ብሎ ካበራ ግራቪሊያ ነው። ሁለቱም ፊቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ከወጡና ቁርጥራጮቹ የጤፍ ቅንጣት ባያህሉም እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ጃካራንዳ ነው። የመጀመሪያው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይመዘዛል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦታው ከተመቸው በዓመት ሁለት ሜትር መጨመር አይከብደውም። ሁለተኛው ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ሐምራዊ አበባውን ጣሪያችሁ ላይ ያራግፋል፣ አሸንዳችሁንም ይደፍናል።

ሻጩ ስሙን ካላወቀ፦ ቅጠሉን ከፊትና ከጀርባ፣ ግንዱንና የቅጠሉን አወጣጥ ፎቶ አንሱ። ትልቁ ዛፍ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ፍሬው ወይም ዝንጣፊው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ይሄም ካልተገኘ ችግኟን ተዋት። ርካሽ ናት ብላችሁ አትውሰዷት፤ ኋላ ለማስቆረጥ የምትከፍሉት ብዙ እጥፍ ነው።

## ደረጃ 2፦ ከምን እንደተወለደች ጠይቁ

ይሄኛው ላይ ረጋ በሉ። ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው፣ የሚቀጣውም እሱው ነው። ችግኝ ከሦስት መንገድ በአንዱ ትመጣለች፤ ከፍሬ፣ ከዝንጣፊ፣ ወይም ግራፍት ተደርጋ፣ ሰዉ እንደሚለው ተዳቅላ።

ከፍሬ ከሆነች ልጅ ናት፣ ቅጂ አይደለችም። የአቮካዶ ፍሬ በልታችሁ "ይሄ ይጣፍጣል" ብላችሁ ዘሩን ብትቀብሩ የሚወጣው ዛፍ የዚያኑ ዓይነት ፍሬ ይሰጣል ብላችሁ አትጠብቁ። እናቱን ሊመስል ይችላል፣ ላይመስልም ይችላል። ፍሬ ለማየትም ከአምስት እስከ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጠብቃላችሁ። ለጥላ ከሆነ ምንም አይደል፣ ትከሉት። ለፍሬ ከሆነ ግን ሎተሪ ነው።

ከዝንጣፊ ከሆነች የእናቷ ቅጂ ናት። ግን የየትኛው ቅርንጫፍ ቅጂ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ቡናን ውሰዱ። ቡና ቀጥ ብሎ የሚወጣ ግንድ አለው፣ ወደ ጎን የሚዘረጉ ቅርንጫፎችም አሉት። ከቀጥተኛው ግንድ የተወሰደ ዝንጣፊ ሥር ሲይዝ ቀጥ ብሎ ያድጋል። ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደው ግን ሥር ቢይዝም ወደ ጎን ይሄዳል። ብትደግፉት፣ ብታስሩት፣ ብትቆጡት ዛፍ አይሆንላችሁም። እንደ ፎቅ እርከን እየሠራ የሚያድገው አሩካሪያም እንደዚሁ ነው፤ ከጎን ቅርንጫፉ የተወሰደ ዝንጣፊ ያንን የሚያምር ቀጥ ያለ ቁመት አያመጣም። እንዲህ ያለ ችግኝ ስታዩ ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። አዲሶቹ ቅርንጫፎች በዙሪያዋ እንደ ኮከብ ከወጡ ደህና ናት። በሁለት ወገን ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ከተደረደሩ የጎን ልጅ ናት፣ አትግዟት።

የቀለምም ነገር አለ። ያቺ ቅጠሏ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ የሆነው የሳሎን ተክል በየቤቱ አለች። አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ አፈር ውስጥ ብትሰኩ ትበቅላለች፤ ግን አዲሶቹ ልጆቿ ቢጫ ጠርዝ የላቸውም፣ ደፍን አረንጓዴ ናቸው። እህቴ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ "አፈሩ ነው" አለች። አፈሩ አይደለም። ቢጫው የሚተላለፈው ሥሩን ከነቡቃያው ስትከፍሉት ብቻ ነው። በአጠቃላይ ቅጠላቸው ዝንጉርጉር የሆኑ ተክሎች ላይ ዝንጣፊውን ስትመርጡ ቅርንጫፉ ራሱ ጥሩ አድርጎ የተዘነጎረ መሆኑን እዩ። አረንጓዴ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ልጅ ይሰጣል። ዝንጉርጉሩ ላይም ደፍን አረንጓዴ ቅርንጫፍ ከወጣ ወዲያው ከሥሩ ቁረጡት፤ እሱ ጉልበተኛ ነው፣ ዝም ካላችሁት ሌላውን ይውጠዋል።

የተዳቀለች ከሆነች ሁለት ፍጡር ናት። ሥሩ የአንዱ፣ ላዩ የሌላው። መጋጠሚያውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጠባሳ ታገኛላችሁ፤ ከጠባሳው በላይና በታች የቅርፊቱ ቀለም ወይም ውፍረት ይለያያል። በጣታችሁ ዞር ዞር አድርጋችሁ ዳብሱት። ጠባሳው ግንዱን ሙሉ ለሙሉ ካቋረጠው እውነተኛ ነው። በአንድ ጎን ብቻ የተጫረ የቢላ መስመር ከሆነ ግን ተጠራጠሩ። እኔ አንዴ ሁለት እንደዚህ ያለ ገዝቻለሁ፣ ዋጋውም የተዳቀለ ዋጋ ነበር።

ፖም ለምትተክሉ የቦሩ፣ የኩታበርና የደሴ ሰዎች ይሄ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። የፖም ዛፍ ቁመቱን የሚወስነው በአብዛኛው ከታች ያለው ሥር ነው። ላዩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሥሩ ኤም 9 የሚባለው የሥር ዓይነት ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ላይ ይቆማል፤ ዕድሜውን ሙሉ ግን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤምኤም 106 የሚባለው ከሆነ አራት፣ አምስት ሜትር ይደርሳል፣ ራሱን ችሎም ይቆማል። በላስቲክ ውስጥ ግን ሁለቱም ያው የእርሳስ ውፍረት ያላት ዱላ ናቸው! ስለዚህ "ላዩ አና ነው" ሲሏችሁ "ሥሩስ?" በሉ። አና የሚባለውን የፖም ዓይነት ከገዛችሁ ዶርሴት ጎልደን የሚባለውንም አጠገቧ ትከሉ፤ የአበባ ዱቄት ካልተለዋወጡ ፍሬ ይሳሳል።

ሲበላሽ፦ ከመጋጠሚያው በታች ቡቃያ ከወጣ በጣታችሁ ገንጥሉት። ትንሽ ሳለ። አንዳንዱ ሰው "እንኳን በዛች" ብሎ ይተወዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የተዳቀለው ደርቆ የሥሩ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። የላዩ ቀድሞ ደርቆ ከሥር ያቆጠቆጠ ከሆነ ያ ከእንግዲህ የገዛችሁት ችግኝ አይደለም፣ ከፍሬ እንደበቀለ ቁጠሩት።

## ደረጃ 3፦ የሕፃን ቅጠልን አትመኑ

ነጭ ባሕር ዛፍን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ግን ሕፃኑንና ትልቁን ጎን ለጎን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የሕፃኑ ቅጠል ክብ ነው፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ሰማያዊ ነጭ ነው፣ ግንዱን ታቅፎ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ ግንዱም አራት ማዕዘን ነው። የትልቁ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ አረንጓዴ ነው። የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያየ ተክል ነው ቢል አይፈረድበትም። ትልቁን ቆርጣችሁ ጉቶው ዳግም ሲያቆጠቁጥም መጀመሪያ የሚያወጣው ያንኑ የልጅነት ክብ ቅጠል ነው።

የሐበሻ ጥድም ሕፃን ሳለ ቅጠሉ መርፌ ነው፣ ይወጋል። ሲያድግ እንደ ቅርፊት ተነባብሮ ይተኛል፣ ለስላሳ ይሆናል። ሞንስቴራ ደግሞ ተቃራኒ ማታለያ አላት፤ ሰው ያንን የተቦዳደሰ ሰፊ ቅጠል ፎቶ አይቶ ይገዛና ትንሿ ደፍን የልብ ቅርጽ ቅጠል ስታወጣ "ተሸወድኩ" ይላል። አልተሸወደም። ቅጠሏ የሚቦዳደሰው ዕድሜ፣ ብርሃንና የምትወጣበት ድጋፍ ስታገኝ ነው።

ስለዚህ የቅጠል ቅርጽ አይታችሁ አትወስኑ፣ አትጣሉም። የትልቁን ቅጠል ፎቶ ፈልጉና ከሕፃኑ ጋር አስተያዩ። ቅጠሉ ሲቀየር ሁለቱ ዓይነት አንድ ግንድ ላይ አብረው የሚታዩበት ጊዜ ስላለ ከፍ ያለች ችግኝ ካገኛችሁ አናቷን እዩ፤ ወደፊት የምትለብሰው እዚያ ይጀምራል።

## ደረጃ 4፦ ትልቋን ዘመዷን ፈልጋችሁ ለኩ

ከወረቀት የተገኘ ቁመት አይበቃም። የናንተ ሰፈር ላይ ምን ያህል ሆነች? ነው ጥያቄው። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለን። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር የተተከሉ ዛፎች በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆመዋል። ዕድሜያቸው ይታወቃል! ከዚህ የተሻለ መለኪያ አታገኙም። ጥበቃውን ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ፣ ግቡ።

ቁመቱን እንዲህ ለኩ፦

1. ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከጡጫችሁ በላይ ያለው የዱላ ርዝመት ከዓይናችሁ እስከ ጡጫችሁ ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። በገመድ አመሳክሩት።
2. አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ጡጫችሁ ከዛፉ እግር፣ የዱላው ጫፍ ከዛፉ አናት ጋር ሲገጥም ቁሙ።
3. ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ግንድ ያለውን ርቀት ለኩ። የዛፉ ቁመት ማለት እሱ ነው።

ጥላውን ለመለካት ደግሞ በአንድ በኩል ከቅርንጫፉ ጫፍ በታች ቁሙና በግንዱ አልፋችሁ እስከ ሌላኛው ጫፍ ለኩ። በሁለት አቅጣጫ ለክታችሁ ትልቁን ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ደሴ ሜዳ አይደለችም። ከዛፉ በታች ቁልቁለት ላይ ቆማችሁ ብትለኩ ቁጥሩ ይሳሳታል። ከዛፉ እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ቁሙ፤ ማለትም ዳገቱን አቋርጡ እንጂ አትውጡ፣ አትውረዱ።

ከዚያ ከፍታውን አስቡ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ቆቦ ደግሞ 1,500 አካባቢ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ በታክሲ ቅርብ ቢሆኑም ለችግኝ ሌላ አገር ናቸው። መርሳና ጊራና ላይ ድግስ የሚያስተናግድ ጥላ ያለው ማንጎ አይታችሁ የዚያን ልጅ ደሴ ብትተክሉ ያቺው ማንጎ አትሆንም። ትቆም ይሆናል፣ ቅጠል ታወጣ ይሆናል፣ ብርዱ ግን በየጊዜው አናቷን እየበላ ቁጥቋጦ ያደርጋታል። ዘመድ ስትፈልጉ በከፍታ ከናንተ ጋር የሚቀራረብ ቦታ ያለችውን ፈልጉ።

እኩያ ዘመድ ካልተገኘ፦ ከናንተ ዝቅ ካለ ቦታ የለካችሁትን ቁመት እንዳለ ያዙ፣ ዓመቱን ግን አስረዝሙ። ቦታ ስትተዉ በትልቁ ቁጥር፣ ተስፋ ስታደርጉ በትንሹ።

## ደረጃ 5፦ አንጓዋን አንብቡ

አሁን ችግኟን እዩ። አንጓ ማለት ቅጠል የሚወጣበት መገጣጠሚያ ነው። በአንጓና በአንጓ መሃል ያለውን ርቀት በጣታችሁ ለኩ። ርቀቱ ጠባብና እኩል ከሆነ ችግኟ በቂ ብርሃን አግኝታለች። ከታች ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ ሰፊ ከሆነ ጥላ ውስጥ ተጨናንቃ ብርሃን ፍለጋ ተመዛለች። ረጅም ስለሆነች "ይቺ ደርሳለች" ብላችሁ የምትመርጧት እሷን ነው፤ ስህተት ነው። አጭሯን፣ ወፍራሟን ምረጡ።

በጥላ ያደገች ችግኝ ቀለሟም ያሳስታል። ክሮተን የሚባለው ባለቀለም ቅጠል ተክል በፀሐይ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ የነበረው በረንዳ ጥግ ሲገባ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ስለዚህ የገዛችሁት ቀለም የዚያ ቦታ ብርሃን ቀለም ነው። የጦሳ ተራራ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን ቶሎ የሚደብቅባችሁ ከሆነ ይሄን አስቡበት። ተቃራኒውም አለ፤ ከጥላ ያወጣችኋትን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ብትተክሏት ቅጠሏ ይቃጠላል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ፀሐይ እየጨመራችሁ አለማምዷት።

ሻጭ ቤት ተሰብስባ፣ አጥራ፣ በቀይ ቅጠል ተሸፍና ያያችኋት ፖይንሴቲያም እንደዚያው አትቀርም። ያሳጠራት ብዙ ጊዜ የእድገት መግቻ መድኃኒት ነው። መሬት ስትገባ ሦስት፣ አራት ሜትር ቁጥቋጦ ትሆናለች።

## ደረጃ 6፦ ላስቲኩን ከፍታችሁ ሥሯን እዩ

ሻጩ ካልፈቀደ ገዝታችሁ ቤት ክፈቱ። ሥሩ በላስቲኩ ዙሪያ እንደ ምንጣፍ ከተጠመጠመ ወይም ታች ደርሶ ወደ ላይ ከተመለሰ፣ ያ ዛፍ በአሥር ዓመቱ በነፋስ ሊገነደስ ይችላል። የተጠመጠመው ሥር እየወፈረ ራሱን ያንቃልና።

ቀጭን ከሆነ በተሳለ ቢላ ጎንና ጎኑን ከላይ ወደ ታች ቅደዱ፣ የታችኛውን የተጠቀለለ ክፍል ቁረጡ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። የእርሳስ ያህል ወፍሮ ግንዱን ከጠመጠመ ግን አትድከሙ፣ ሌላ ቀይሩ። ላስቲኩን ሳያወልቁ ስለሚተክሉ ሰዎች ምንም አልልም።

## ደረጃ 7፦ መሬት ላይ በአመድ ሳሏት

በጣም የምወደው ደረጃ ይሄ ነው፤ ጠብም ያስነሳል። ችካል መትከያው ላይ ምቱ። በደረጃ 4 የለካችሁትን የጥላ ስፋት ግማሹን በገመድ ለኩ። ገመዱን ይዛችሁ ዙሩ፣ እየዞራችሁ አመድ አፍስሱ። ክቡ ግድግዳ ገባ? ጎረቤት ገባ? መጸዳጃ ጉድጓዱን ያዘ? መልሱ ይሄው ነው። እናቴ ለኮክ ብዬ የሳልኩትን ክብ አይታ "ልብስ የት ላሰጣ ነው?" አለችኝ። ትክክል ነበረች። ችካሉን ሁለት ሜትር ገፋነው።

ቀና ብላችሁ ሽቦም እዩ። ከሽቦ በታች የሚደርስ ቁመት ያላት ካልሆነች ቦታ ቀይሩ። በየዓመቱ እየከረከምኩ እኖራለሁ አትበሉ፤ አንድ ክረምት ይበቃል ለመርሳት።

ሥር በጥላው ልክ አይቆምም፣ ከጥላው ውጪም ይሄዳል። አብዛኛው መጋቢ ሥር ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው፣ ቧንቧችሁም ያለው እዚያው ነው። ፋይከስ፣ ዋርካ፣ ሾላና ባሕር ዛፍ ከሆነ የአመዱ ክብ ዳር ከሲሚንቶና ከቧንቧ ጋር መነካካት የለበትም፣ በጣም ይራቅ። በተለይ ዋርካ። ከቁመቱ ጥላው የሚሰፋ ዛፍ ነው፤ የመንደር ሽማግሌ ሁሉ የሚቀመጥበት እንጂ የግቢ ነገር አይደለም።

ክቡን ከሳላችሁ በኋላ ወንበር አምጡና መሃሉ ተቀመጡ። በመስኮትም ሆናችሁ እዩት። ፎቶ አንሱት። አመዱን ለሁለት ቀን ተዉት፤ ቤተሰቡ እየረገጠው ሲያልፍ የማይመቸው የት እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

## ደረጃ 8፦ ለማይታወቀው መጠባበቂያ ያዙ

አንዳንዱን ማንም አይገምተውም። ፓፓያ ዋናዋ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ታች ያላችሁ ስሙ፦ ከፍሬ የበቀለች ፓፓያ ወንድ ትሁን ሴት ሳታብብ አይታወቅም። "ሥሯ ቀጥ ካለ ወንድ ናት" የሚለውን ወሬ ተዉት። አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ትከሉ። ሲያብቡ ለዩ። አበባዋ በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ደቃቅ ከሆነ ወንድ ነው። ግንዱ ላይ ተጠግቶ አንድ አንድ፣ ትልልቅ ከሆነ ሴት ናት። ሁለቱንም ጾታ በአንድ አበባ የያዘችም አለች፤ ፍሬዋ ሞላላ ነው፣ እሷን ካገኛችሁ አስቀሯት። የቀሩትን ንቀሉ። ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል።

## ደረጃ 9፦ ከተከላችሁ በኋላ፣ ግምታችሁ ሲስት

በየስድስት ወሩ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። አጠገቧ ዱላው ይቁም፣ መጠኗ እንዲታወቅ። ቁመቱንና የጥላውን ስፋት ጻፉ። ከለካችሁት ዘመድ ጋር አስተያዩ።

ከጠበቃችሁት በላይ እየፈጠነች ከሆነ አሁኑኑ ወስኑ። ክንድ የምታህል ሳለች መንቀል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አናቷን መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ግን አናት ሲቆረጥ ከሥሩ ያሉት አንጓዎች ይነቁና ወደ ጎን ትሰፋለች። ቁመት ቀነሳችሁ ማለት ስፋት ጨመራችሁ ማለት ነው፣ የአመዱን ክብ እንደገና ሳሉ።

የፈረንጅ ጥድ አጥር ካመለጣችሁ ተጠንቀቁ። ሁለት ዓመት ሳይከረከም ቆይቶ "እንመልሰው" ብላችሁ አረንጓዴው አልቆ ደረቅ እንጨት እስኪመጣ ብትቆርጡት ከዚያ ቦታ አያቆጠቁጥም። ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ሁልጊዜ አረንጓዴ ቅጠል እያስቀራችሁ ከርክሙ።

ቆማ ከቀረች ከመቆጣታችሁ በፊት ሥሯን አስታውሱ። ደረጃ 6ን ዘላችሁ ነበር? በዝናብ ወቅት ዙሪያዋን በስሱ ቆፍራችሁ ግንዷን የጠመጠመ ሥር ካለ እሱን ብቻ ቁረጡ። ደሴ ላይ ከሆናችሁና ቆላማ ዓይነት ተክላችሁ ከሆነ ደግሞ አብሽሩ፣ የናንተ እጅ ችግር አይደለም። በባልዲ አዛውሯትና ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ ስጡ።

ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ግድግዳው ነው የገፋት። አስራችሁ ብትመልሷትም ገመዱ ሲፈታ ትመለሳለች፤ ወይ ቦታ ቀይሩ፣ ወይ ዘንበል ብላ የምታድግ መሆኗን ተቀብላችሁ ልብስ ማስጫውን በሌላኛው ወገን ስቀሉት።